ዳዮድ የሆኑ የቡና ፍሬዎች

የጸጥታ ሰዎች እኔንና ጓደኛዬን ቴፒ ካለው የዩኒቨርሲቲ ዶርማችን ሲወስዱን ሽቦ የበዛበትን ሳጥናችንንም በኤግዚቢትነት ይዘውት ሄዱ። ያሰሩን ቀድሞ የቡና መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ፣ ጆንያ ጆንያ የሚሸት። መስኮት የለውም።

መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሳጥኑ መልእክት ማስተላለፊያ ሬዲዮ ነው አሉኝ። የላብራቶሪ ፕሮጀክታችን እንደሆነ፣ የሶኬቱን ኮረንቲ ዝቅ አድርጎ እንደሚያስተካክል ተናገርኩ። መርማሪው አልተቆጣም። ጓደኛህም እንዲሁ ካስረዳ እናያለን፣ አለዚያ ሁለታችሁም ከዚህ ወደባሰ ቦታ ትሄዳላችሁ አለኝና ወደ ክፍሉ መለሰኝ። ጓደኛዬ፣ የሸኮ ልጅ፣ ሳጥኑን በሠራንበት ሳምንት ወባ ጥሎት ስለነበር አሠራሩን አያውቅም።

ላብ ውስጥ ልማድ ነበረን። የገባው ላልገባው ያስረዳል፤ የመጨረሻው ሰው በራሱ አፍ መልሶ እስኪያስረዳ ድረስ ከጠረጴዛው የሚነሳ የለም። እዚያም እንደዚያው አደረግን። ማውራት ክልክል ነው፤ ደግነቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ከወለሉ ስንጥቅ የቡና ፍሬ እያወጣሁ የሳጥኑን ዕቃዎች ደረደርኩለት፤ ይሄ ትራንስፎርመር፣ እነዚህ ዳዮዶች፣ ያ ካፓሲተር። ሲሳሳት አፍርሼ እንደገና አስደረደርኩት። ደግሞ ሲሳሳት ልጮህበት ምንም አልቀረኝም። ካፓሲተሩን ሳላስረዳው ዝናቡ አባራ፣ በሩም ተከፈተ። ጓደኛዬን ጠሩት፤ ፍሬዎቹን በእግሩ በተን አድርጎ ወጣ።

የምርመራው ክፍል ከእኛ የሚለየው በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል። ጓደኛዬ ቀስ ብሎ ከሶኬቱ ጀምሮ አስረዳ። ካፓሲተሩ ጋ ደረሰ።

«እሱን ገና አልተማርኩትም» አለ።

«ማነው የሚያስተምራችሁ? የመሪያችሁን ስም ጥራ።»

«መሪ የለንም፣ ጌታዬ። እርስ በርስ ነው የምንማረው።»

የጥፊው ድምፅ ተሰማኝ። ምንም የገባኝ ነገር የለም፣ አለ መርማሪው። ጓደኛዬ ላብ ውስጥ እኛን በሚያናግርበት በዚያው ድምፅ መለሰለት።

«ካልገባዎት ከመጀመሪያው ላስረዳዎት።»

እንደገናም ጀመረ፤ ከሶኬቱ።

ኋላ ለምን እንደተፈታን የነገረን የለም። ዛሬ ሚዛን ተፈሪ ላብ ውስጥ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ትዕግሥት የለኝም፤ እነሱም ያውቁታል። አንዱ አልገባኝም ሲል ግን ጆሮዬ አሁንም ጥፊ ይጠብቃል። ከጎኑ ያለው ተማሪ ወንበሩን አስጠግቶ ከመጀመሪያው ያስረዳዋል።