ባዶ ቁና አይመለስም

እትዬ ወለተሰንበት ባላቸው ማይጨው ዘምተው ከቀሩ ወዲህ ሦስት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ጥጥ እየፈተሉ ነበር። በጣሊያን ጊዜ፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ለጣሊያኖች አስተርጓሚ የሆነው ጎረቤታቸው ዓባይነህ አንድ ቁና ነጭ ዱቄት ላከላቸው።

የልደታ ሰፈር ሰው ወሬ ያዘ። ገሚሱ ይመልሱታል አለ፣ ገሚሱ ይደፉታል አለ። ልጆች በጾም ከስተው ዱቄት መድፋት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? እትዬ ጋግረው አበሏቸው።

ነገር ግን የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ቁናውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉና እስከ ዕርገት ድረስ እንዝርት ከእጃቸው አልወጣም። በዕርገት ማግስት ቁናውን በልቃቂት ሞልተው፣ ራሳቸው ተሸክመው ዓባይነህ ቤት ሄዱ። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ነው። የዱቄቱን ሦስት እጥፍ እንደሚያወጣ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ዓባይነህ አየና ደነገጠ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ መልስ ፈልጌ አልላክሁም» አለ።

«ስጦታማ መልስ አለው» አሉት፣ ቁናውን እግሩ ሥር እያስቀመጡ። «መልስ የሌለው ምጽዋት ነው። ምጽዋት ያሰኘኝ ዕለት የልደታ ማርያም ደጅ ቅርቤ ነው።»