ለባለቤቱ ያልደረሰው ጎራዴ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ይህኛው ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ውጬው ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ፊቴን ብታዩ ታዝኑልኝ ይሆናል፤ እንድታዝኑልኝ አልፈልግም።

አሜሪካ፣ ዋይትሆል በሚባል ሰፈር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። በዲቪ መጥቼ መጀመሪያ ግሮቭፖርት፣ ዌርሃውስ የሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሠራሁ። ወገቤን ሲያመኝ ጊዜ ሽማግሌዎችን ቤታቸው እየሄድኩ የመንከባከብ ሥራ ያዝኩ፤ ሆም ኬር የሚሉትን። ከሚስተር ዋልተር ጋር የተዋወቅነው እንደዚያ ነው። ሉዊስ ሴንተር በሚባል ሰፈር ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሊንዳ አሪዞና ናት። ሰለሞን ማለት ረዝሞባቸው "ሶል" ይሉኛል። እኔ ደግሞ በልቤ ጋሼ ዋልተር እላቸው ነበር።

አንድ ቀን ምሳቸውን አብልቼ ዕቃ ሳጥብ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ አምጣው አሉኝ። የጃፓን ጎራዴ ነበር። አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እጁን ከሰጠ መኮንን የተቀበሉት ነው። አፎቱ ላይ ጃፓንኛ የተጻፈባት ትንሽ የእንጨት ቁራጭ በገመድ ታስራለች።

"አባቴ አንድ ቀን እንኳ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት አያውቅም" አሉኝ። "የሰው ዕቃ ነው ይል ነበር። ለባለቤቶቹ ሳልመልስ መሞት አልፈልግም። ትረዳኛለህ?"

እሺ አልኩ።

ስለ ጎራዴ ምን አውቅ ነበር? ምንም። ከላይብረሪ መጻሕፍት እያመጣሁ አብረን ማንበብ ጀመርን። መጀመሪያ ለጦርነቱ ሲባል ፋብሪካ ያመረተው መስሎን ነበር፤ እጀታውም አፎቱም የወታደር ነው። በኋላ አንዳንድ መኮንኖች የአያቶቻቸውን ጎራዴ በወታደር እጀታ እያስገጠሙ ይዘምቱ እንደነበር አነበብን። እጀታውን የያዘችውን የቀርከሃ ችንካር ቀስ አድርገን መትተን አወጣናት። እጀታው ሲወልቅ፣ ከውስጥ የተደበቀው ብረት በጥቁር ቡናማ ዝገት ተሸፍኗል። ጨርቅ አንስቼ ልጠርገው ስል እጄን ያዙኝ።

"ተው! ዕድሜውን የሚናገረው ዝገቱ ነው።"

ከዝገቱ ሥር በመሮ የተቀረጹ ፊደላት ነበሩ። ፎቶ አንስቼ ላይብረሪ ውስጥ ለልጆች ጃፓንኛ ለምታስተምር ኖሪኮ ለምትባል ሴት አሳየኋት። ባሏ መሐንዲስ ነው፤ ለሥራ ተመድቦ ነው የመጡት። ፊደላቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ፤ የአንጥረኛው ስምና የአገሩ ስም ነው። ያነበበችውን ይዘን ከመጻሕፍቱ ጋር ስናስተያይ፣ የተሠራው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መሆኑን አወቅን። እንጨቷ ላይ ደግሞ የመኮንኑ ስምና የመንደሩ ስም ተጽፏል። ኖሪኮ፣ መንደሩ ጋ ደውዬ አጠይቃለሁ አለችኝ።

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ ደስተኛ ነበርኩ። ሥራዬን ጨርሼ እንኳ አልሄድም ነበር፤ ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ እቀመጥና እሳቸው በማጉያ መነጽር ፎቶ ሲመረምሩ አያለሁ። ከፍቶኝ ከገባሁ "ምን ሆነሃል?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው በዚህ ከተማ አልነበረኝም። አንድ ቀን እንደ ዋዛ እንዲህ አሉ፦

"ይሄ ነገር አገሩ ሲገባ ቤቱን ሸጬ ሊንዳ ጋ እሄዳለሁ። ና እያለች ለምና ደከማት።"

ጥሩ ነው አልኩ። ያን ቀን ግን ከወትሮው አምሽቼ ነው ከምንጣፉ የተነሣሁት።

ብዙም ሳይቆይ፣ መኪናዬን ቤታቸው በር ላይ ፓርክ እያደረግኩ ኖሪኮ ኮል አደረገችኝ። መንደሩ ጋ ደውላ አግኝታቸዋለች። የመንደሩ ቤተ መቅደስ መነኩሴ ቤተሰቡን ያውቃቸዋል። የመኮንኑ ልጅ በሕይወት አለች፤ አርጅታለች። አባቷ ሲዘምት ሕፃን ነበረች። ከእሱ የቀራት ፎቶው ብቻ ነው።

"ሴትዮዋ ስልኩ ላይ አለቀሱ" አለችኝ። "ከሚስተር ዋልተር ጋር መቼ ላገናኛቸው?"

"እነግራቸዋለሁ" አልኳት።

ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

"አዲስ ነገር አለ ሶል?"

"እስካሁን የለም" አልኩ።

ለምን? ለአንድ ቀን ብቻ ነው ብዬ ነበር። ነገም ለአንድ ቀን ብቻ አልኩ። ኖሪኮ ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳሁም። መጨረሻ ላይ ላይብረሪው ፓርኪንግ ውስጥ አገኘችኝ። ያን ጊዜ የተናገርኩትን እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

"ሐሳባቸውን ቀይረዋል" አልኩ። "መስጠት አይፈልጉም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"ለእኚያ ሴትዮ ምን ብዬ ልንገራቸው?"

"ያልኩሽን ንገሪያቸው።"

እኔ ያገኘሁትን ሰው እሳቸው መፈለግ ቀጠሉ። መጽሐፍ አምጣ ሲሉኝ አመጣለሁ። ከአጠገባቸው ተቀምጬ ገጽ እገልጣለሁ። ሊንዳ ስትደውል "የዚህ ጎራዴ ጉዳይ ይለቅ፣ ከዚያ እመጣለሁ" ሲሏት እሰማለሁ። እሰማለሁ፤ ሻያቸውንም አፈላለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

በክረምት ሳንባቸውን ታመሙ። ሊንዳ አውሮፕላን ላይ ሳለች ሆስፒታል ሞቱ። ስትደርስ እኔን አቅፋ አለቀሰች።

"አባቴ አንተን በማግኘቱ ዕድለኛ ነበር" አለችኝ። ጎራዴውን በዚያው ብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ባለቤቶቹን ሶል ያገኛቸዋል፣ እሱ ጋ ይሁን ብሏል።"

ተቀበልኩት። ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ።

ኖሪኮ ጋ ስደውል ስልኳ አይሠራም፤ የባሏ ሥራ አልቆ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብቻዬን እንደ አዲስ ፍለጋ ጀመርኩ። የመንደሩን ስም ይዤ፣ በስልኬ እያስተረጎምኩ ቤተ መቅደሱን አገኘሁ። ከእነሱም የሴትዮዋን የልጅ ልጅ ስልክ አገኘሁ። ልጁ እንግሊዝኛ ይችላል።

"አያቴ አርፋለች" አለኝ። "ከአባቷ ፎቶ ሥር ለጎራዴው ቦታ አዘጋጅታለት ነበር። አሜሪካዊው እምቢ ብሏል ሲሏት፣ እሱም ወዶት ይሆናል አለች። ከዚያ በኋላ አንስታው አታውቅም። እርስዎ ማን ነዎት?"

"የሚስተር ዋልተር ጓደኛ ነኝ" አልኩ። "ጎራዴው እኔ ጋ ነው። ልላክላችሁ?"

 በትሕትና "አመሰግናለሁ፣ አሁን አንፈልገውም። የምንፈልገው ለእሷ ነበር" አለኝ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፤ ልጁም እየጠበቀኝ ነው። አልተናገርኩም። ደህና ሁን ብዬ ዘጋሁት።

ብቸኝነት ነው ያሳሳተኝ ልል እችላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ግን ዋልተር ልጃቸውን ሳያዩ የሞቱት እኔ ብቻዬን እንዳልቀር ነው። ሴትዮዋ ለአባቷ ጎራዴ ያዘጋጀችው ቦታ ባዶ የቀረው እኔ የምቀመጥበት ምንጣፍ እንዳይቀርብኝ ነው። የእኔ ብቸኝነት ከእነሱ በምን ይበልጥ ነበር? ይቅር በሉኝ እንዳልል፣ ይቅር ማለት የሚገባቸው ሁለቱም የሉም።

ጃፓን ውስጥ በአንድ ቤት፣ ዋልተር የሚባል አሜሪካዊ የሙት ዕቃ አልመልስም ያለ ሰው ተብሎ ይታወቃል። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላሉም። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።