የማይሸጥ ስለት

አሌክሳንድሪያ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ለስለት የመጣ ዕቃ ሁሉ ለጨረታ ይቀርባል፤ ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ አንዴም ካርቶኑ ያልተከፈተ ማይክሮዌቭ ጽፌአለሁ። ባለፈው ዓመት፣ የእመቤታችን ንግሥ ሳምንት ሲቀረው፣ ግሪንቤልት የሚኖሩ አንዲት እናት ነጭ አምባር ከእጃቸው አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ልጃቸው ከሆስፒታል አልጋ ብትነሳ ሊሰጡት ተስለው ነበር፤ ልጅቱም ድናለች።

«ከምን የተሠራ ልበል፣ እማማ?»

«የዝሆን ጥርስ ነዋ! የእናቴ ነው።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ኮሌጅ የገባሁት ካርባ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ከዚያ የመጣ ልማድ ይሁን አላውቅም፣ ያላነበብኩትን አልፈርምም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ገብቼ የዚህን አገር የዝሆን ጥርስ ሕግ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜውንና በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ማስረጃ የሌለው የዝሆን ጥርስ አይሸጥም፤ የቤተ ክርስቲያን ጨረታም ያው ሽያጭ ነው። በነጋታው ኮል አደረግኩላቸው።

«ወረቀት አለው፣ እማማ? እንዴት ነው ያስገቡት?»

«እጄ ላይ አድርጌ! እጄን ማን ወረቀት ጠየቀው?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጨረታው ኮሚቴ ነገርኩ። ሰብሳቢያችን፣ ታክሲ ነጂ ነው፣ ሳቀብኝ።

«አንቺ ካነበብሽማ ጠበሉንም ክልክል ነው ትይናለሽ። ‹አጥንት› ብለሽ ጻፊውና ይሸጥ፤ ማን ያየዋል?»

«አጥንት አይደለማ።»

እማማ በሩ ላይ ቆመው ሰምተውናል። «ለእመቤታችን የተሳልኩትን በውሸት ስም አታስጠሩብኝ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ካልተሸጠ ግን ስለቴ አልገባም ማለት ነው? እሷ ልጄን ማረችልኝ፣ እኔ ቃል አባይ ልሁን?»

መሸጡ እንጂ መስጠቱ ሲከለከል አላነበብኩም አልኳቸው። ቄሱም አምባሩ ሳይሸጥ ዕቃ ቤት ይቀመጥ አሉ።

የንግሡ ዕለት ማይኩን ይዤ «የዝሆን ጥርስ አምባር፤ ለጨረታ የማይቀርብ» ብዬ አነበብኩ። ከኋላ አንዱ በልማድ «አምስት መቶ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ፤ እማማም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እልልታው ከሳቁ መሀል ተነሣ።

ሲወጡ እጄን ያዙኝ። «ገባልኝ?»

«ሕጉ አይከለክልም። ሌላውን አባን ይጠይቁ።»

«አባን ጠይቄአለሁ። አሁን የምጠይቀው አንቺን ነው።»



«ገብቷል፣ እማማ» አልኳቸው።