ቤቷ ጥድ የለበሰችበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጎንደር የሚያሠራውን ቤት ላሳይሽ ብሎ ወሰደኝ። ግድግዳው በሚያብለጨልጭ ነገር ተሸፍኗል፤ መስታወት ይሁን ቆርቆሮ አልለየሁትም። «ክላዲንግ ይባላል እማዬ፤ ዝናብ አያስገባም፣ ፀሐይ አያበላሸውም» አለኝ። «እሰይ፣ ልብስ ነዋ!» ስለው ሠራተኞቹ ሳቁብኝ። ምኑ ያስቃል? የእኛም ቤት በደርግ ጊዜ መተማ ቆላ፣ ሸሕዲ ላይ ለብሳ ነበር። ያውም ጥድ!

እኔ የጭልጋ ደገኛ ነኝ። በጥር ተዳርኩና ቆላ ወረድኩ። ባሌ ደሳለኝ አናጺ ነበር፤ ሙያውን ገዳሪፍ ስለተማረ የሸሕዲ ሰው በሱዳኖቹ አፍ «ነጃር» እያለ ይጠራዋል። አስር ስትናገሪው አንድ የሚመልስ ዝምተኛ ነው። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ አፍ አላነሰኝም። መጀመሪያ ቀን የደረቀ ባሚያ ዌካ ሠርተው ሲያቀርቡልኝ እጄ ላይ እየተዝለገለገ አልላቀቅ ቢለኝ «ኧረ ይሄ ነገር ወጥ ነው ወይስ ሙጫ?» ብዬ የባሌን ዘመዶች አስቀይሜያለሁ። ኋላ ግን ያለ ዌካ እንጀራ አልወርድ አለኝ። ሙቀቱንም እንዲሁ ለመድኩት፤ ምስጡን ነው ያልለመድኩት።

የደጋ ሰው ምስጥ አውቃለሁ ቢል አይመኑት። ቆላ ላይ ምሰሶው ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ በጣት ሲመቱት ውስጡ ዱቄት ሆኗል። በሰኔ መግቢያ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል በመኝታችን በኩል ያለው ግድግዳ ከነጭቃው ተዘርግፎ አልጋችን ላይ ወደቀ። እኔ ደግነቱ ውጭ፣ ራኩባ በሚሉት ዳስ ሥር ወጥ እየሠራሁ ነበር። ደሳለኝ ከሥራው እየሮጠ መጣ። ግድግዳውን ዞር ብሎም አላየው፤ እኔን ከእግር እስከ ራስ አየና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ወሬ ክንፍ አለው፣ ጭልጋ ደረሰ። መንገዱ በጭቃ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው አባቴ በኤንትሬ መኪና ከጭነት ላይ ተቀምጠው ከተፍ አሉ። ቁጣቸው ከሰፈር አልፎ የሚሰማ ሰው ነበሩ። የወደቀውን ግድግዳ አይተው፣ «እኔ ልጄን ለባል ነው የዳርኩት፣ ለምስጥ አይደለም። ተነሽ እንሂድ!» አሉ።

«አባባ፣ ቤቷን ጥድ አለብሳታለሁ» አለ ደሳለኝ። አይከል አካባቢ የፈረሰ የድሮ ቤት የጥድ ወራጅ ገዝቶ በመጋዝ አሰንጥቆት፣ ጣውላው ራኩባው ሥር ተደርድሯል። ያን ጊዜ የቆመ ጥድ መቁረጥ ከገበሬ ማኅበር ጋር ያጣላ ነበር።

«ጥድ?» አሉ አባቴ። «ጥድ የደጋ ዛፍ ነው። ቆላ ሲወርድ እንደ ሰው ይታመማል።»

አይፍረዱባቸው፤ ደገኛው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያምነው። ቆላ የወረደ ወንድማችን በወባ አልቆ ሲመለስ ስናይ ኖረን፣ እንጨቱስ ምን ልዩ አድርጎት ይተርፋል?

ነገሩን ያበረዱት ሐጂ ኢድሪስ ናቸው፤ ጎረቤታችን ባለሱቅ፣ በሰርጋችን የደሳለኝ ሽማግሌ ሆነው ጭልጋ የመጡ። «እናንተ ከምትከራከሩ ዳኛው ራሱ ምስጡ ይሁን» አሉ። ከቤታችን ጀርባ የሰው ቁመት የሚያህል የምስጥ ኩይሳ ነበር። አንድ ጣውላ እዚያ ውስጥ ተተክሎ ይክረም፤ መንገድ ሲከፈት አባቴ ይመጣሉ፤ ጣውላው ከተበላ እኔ ወደ ጭልጋ፣ ካልተበላ እዚሁ። ደሳለኝ ከላይ ያለውን ሊያነሳ ሲል አባቴ «ተው፣ የምመርጠው እኔ ነኝ» ብለው ከሥር አንዱን መዘው አወጡ። ደሳለኝ የጣውላውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰስ አደረገና ተከለው። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ደሳለኝ ፍርዱን አልጠበቀም። ግድግዳውን አቁሞ መረገና ክረምቱን ሙሉ ቤቷን ሲያለብስ ከረመ። ጎበዝ አናጺ ሲሠራ ማየት እንዴት ያጠግባል! ጥድ ምስማር በድፍረት ከመቱበት ይሰነጠቃል፤ እሱ እያንዳንዱን ቀዳዳ አስቀድሞ በእጅ መሰርሰሪያ ይበሳል። የላይኛው ጣውላ የታችኛውን ጫፍ እንዲሸፍን እያደራረበ፣ ከሁሉ በታች ያለችውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ድንጋይ ላይ አሳረፋት፤ ውሃው ወርዶ ወርዶ እግሯ ሥር ይንጠባጠባል እንጂ ጭቃውን አይነካም። ቀለምም ሆነ የተቃጠለ ዘይት አልቀባውም። «የራሱ ዘይት አለው» ይላል። የሰፈሩ ሰው «ነጃር በዚህ ሙቀት ለቤቱ ካፖርት ገዛላት!» እያለ ተሳለቀ። ይሳለቅ! በቀትር የጎረቤት ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ሲግል የእኔ ቤት ግድግዳ እጅ ያስቀምጣል። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ያ ሽታ ይነሳል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ደረቅና ጣፈጥ ያለ። ተሳላቂዎቹ ሳይቀሩ ዝናብ መጣ ብለው እኛ ጋ ይጠለሉ ጀመር።

እኔ ግን ዓይኔ ኩይሳው ላይ ነበር። አንድ ቀን ጭቃውን ፈንቀል አድርጌ ልይ ብል ደሳለኝ እጄን ያዘኝ። «እሱ የአባትሽ ነው። ሳይመጡ አይነካም።» ተናደድኩ፣ ተሳደብኩ፣ ጥግ ሄጄ አለቀስኩ። በጥር እያለቀስኩ የመጣሁ ሰው፣ አሁን ደግሞ እንዳልወሰድ ማልቀሴ ለራሴም ገረመኝ። ወድጄው ነበራ! ለካ ሰው ሳያውቀው ይወዳል።

ጥቅምት ገባ። ሰሊጡ ታጭዶ ተከመረ፣ ከተማው በጎጃምና በወሎ አጫጆች ተሞላ፣ መንገዱም ደረቀ። አባቴም መጡ። ቤቷን ዞር ዞር ብለው አዩና «የለበሰ ሁሉ ጤነኛ አይደለም» አሉ። «ጓዝሽን እሰሪ፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቀናል።» አሰርኩ። ምን ላድርግ?

ደሳለኝ ጣውላውን ከኩይሳው ነቅሎ አቆመው። ጭቃ ለብሷል። በአባቴ በኩል ያለውን ጎን በገጀራ ፋቀው፤ ቀይና ድፍን ሆኖ ወጣ። አባቴ አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱት፤ ፊታቸው ፈታ አለ። ሐጂ ኢድሪስ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። እኔም እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

«ቆይ አባባ፣ አልጨረስንም» አለ ደሳለኝ። «ይሄንንም ይዩት።» ብሎ ጣውላውን አዞረው።

በእሱ በኩል የነበረው ጠርዝ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ጥድ ከቅርፊቱ ሥር ነጭ እንጨት አለው፤ ምስጥ የማይደፍረው የውስጡን ቀዩን ነው። ያቺ ጣውላ አንድ ጠርዟ ነጭ ነበር። አንተ ሰው፣ ምን ነካህ! አልኩ በልቤ። ማን አዙር አለህ?

አባቴ ቢላቸውን አውጥተው የተበላውን ፋቁ። ምስጡ ቀዩ ጋ ሲደርስ ቆሟል።

«ቤቷ ላይስ ነጭ ያለበት ጣውላ አለ?»

«አለ፣ አባባ። ነጩን ሳላስወግድ መምታት አልነበረብኝም። አወልቃቸዋለሁ።»

«ባታዞረው ኖሮ እኮ አላየውም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

አባቴ ቢላውን ወደ አፎቱ መለሱ። «የራሱን ጉድ ራሱ አዙሮ የሚያሳይ ሰው፣ ግድግዳው ቢወድቅ እንኳ መልሶ ያቆመዋል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ምን ትያለሽ?»

«ጓዜን ያሰርኩት አንቱን ላለማስቀየም ነው እንጂ፣ ለመሄድማ አልነበረም» አልኳቸው።

ሳቁ፣ አባቴ! መኪናው ጡሩንባውን ሲነፋ ሐጂን «ይሂድ በሉት» አሉ። ሰነበቱ። ደሳለኝ ነጭ ያለባቸውን ጣውላዎች ሲያወልቅና ሲተካ አንዱን ጫፍ እሳቸው ይይዙ ነበር፤ በምሳ ሰዓት ዌካውን እየተነጫነጩ ጥርግ አድርገው በሉ።

ደሳለኝ ካረፈ ቆየ፤ አፈሩን ገለባ ያድርግለት። ቤቷ ውስጥ ትልቋ ልጄ ትኖራለች። ጣውላው ግራጫ ሆኗል፣ አልተጣመመም፣ አልበሰበሰም፤ አንዱ ቢጎዳ እሱን ብቻ ነቅሎ መተካት ነው። ጥድን የሚያህል የቤት ልብስ አላየሁም፤ ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ልጆቼ ስለ አባታቸው ሲጠይቁኝ ግን የምነግራቸው ሌላ ነው። ሰርጋችን በጥር ነበር። እኔ ደሳለኝን ያገባሁት በዚያ የጥቅምት ጠዋት ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ጣውላዋን ያዞራት ጊዜ።