ታይፎይድ የሌለበት አገር

ከኮልፌ የወጣሁበት ምሽት ዝናብ ነበር። ባለቤቴ አስካለ ሳል እያጣደፋት ሻንጣዬን ደጋግማ እየከፈተች በሹራቦቼ መካከል አንቲባዮቲክ ትሸጉጥ ነበር። «እዚያ መድኃኒት ይነፍጋሉ አሉ» አለችኝ። ሆዴን ካመመኝ ሰንብቷል። 18 ማዞሪያ አጠገብ ያለው ክሊኒክ በሄድሁ ቁጥር ደሜን ይቀዳል፤ በቀዳ ቁጥርም ታይፎይድ ያገኝብኛል። ጎረቤቴ እንኳ ጥርሱን አሞት ገብቶ ታይፎይድ ይዞ ወጥቷል። «ይህ ምርመራ ነው ወይስ መስተንግዶ?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሐኪሙ «አባባ፣ መርፌዎን ይወጉ እንጂ አይመራመሩ» አለኝ።

የጥርጣሬዬ ሥር ግን ከዚህ ይርቃል። ታላቅ ወንድሜ «ጨጓራ ነው» እየተባለ ነው የሞተው። ሐኪሙ «አስታማሚው ይግባ» ብሎ እውነቱን ለልጆቹ ነግሯቸዋል፤ ዕድርተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ባለ በሽታው ብቻ ወተቱን እየጠጣ ጨጓራው እስኪሽር ይጠብቅ ነበር። ከቀብሩ ስመለስ የራሴን በሽታ ከሌላ ሰው ፊት ላይ እንደማላነብ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሆላንድ የምትኖረው ልጄ ሰብለ «ይምጡና እዚህ ይታከሙ» ስትለኝ እሺ ያልሁትም ስለዚህ ነው።

ሆላንድ ውስጥ በሽተኛን አስቀድሞ የሚያየው «ሃውስአርትስ» የሚሉት የሰፈር ሐኪም ነው፤ እሱ ካልመራህ ሆስፒታል አትደርስም። የእኛዋ ወጣት ሴት ናት። ራሷ ወጥታ በስሜ ጠርታ ጨበጠችኝ፤ ይህም አጠራጠረኝ። ሆዴን ነካ ነካ አድርጋ «ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ ካልተሻለዎ ይመለሱ» አለችኝ።

«ደሜን አያዩትም?» አልኋት በእንግሊዝኛ።

«ምን ይገኝበታል ብለው ነው?»

«ታይፎይድ።»

ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም። እኛ ዘንድ ጤነኛ የለም፤ እዚህ ደግሞ በሽተኛ የለም። የዚህ አገር ዝናብም እንደ ሐኪሞቹ ነው፤ እንደ ሐምሌያችን አያጓራም፣ ድምፁን አጥፍቶ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል።

ተመላለስሁ። በመጨረሻ «ወንበሩን አልለቅም» ብዬ ተቀመጥሁባት፤ ወደ ሆስፒታል መራችኝ። ወረፋው በጋውን ፈጀ። በሆስፒታሉ ግን በር ላይ ገንዘብ የጠየቀኝ የለም፤ አገር ቤት ካሸሩ ሳይፈቅድ ቃሬዛ አይንቀሳቀስም። እውነቱን ለመናገር ይህ አስደነቀኝ፤ ወዲያው ደግሞ በር ላይ ያልጠየቁኝን የት ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ሠጋሁ።

የውጤቱ ዕለት ሰብለ ቀድማኝ ገባች። ስከተላት ከሐኪሙ ጋር በሆላንድኛ ትከራከራለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና በእንግሊዝኛ ጀመረ።

«ልጅዎ እንዳልነግርዎ ለመነችኝ። አልችልም። በሽታው የእርስዎ ነው። አንጀትዎ ውስጥ ካንሰር አለ፤ ቀዶ ሕክምና እናደርግልዎታለን።»

«ይድናል?»

«ተስፋ አለ። ዋስትና ግን አልሰጥዎትም።»

«ታይፎይዱስ?»

«የለብዎትም።»

ሰብለ አለቀሰች። «አባባ፣ ሰው እንዲህ ይነገረዋል? ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው!»

«ወንድሜ እንዲህ የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው ሳያውቅ የሞተው» አልኋት። ከሐኪሙ ይልቅ ያስደነገጠኝ ነርሷ በኋላ የነገረችን ነው፦ ማታ አልጋዬ አጠገብ የሚያድር ዘመድ አይፈቀድም። እውነቱን ነግረው ከእውነቱ ጋር ብቻህን ያስተኙሃል። ኮልፌ ቢሆን ኖሮ እውነቱን ይደብቁኛል፤ ግን አንዱ አጥሚት ይዞ፣ አንዱ ጋቢ ይዞ፣ የዎርዱን ወለል ይሞሉልኛል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለአስካለ ደወልሁ። ነገሩን አስተካክዬ፣ ቃላቱን መርጬ ነበር።

«ምን አሉህ?» አለችኝ።

«ታይፎይድ ነው አሉኝ።»

«እዚያም አለ እንዴ?»

«የትም አለ።»

«እንግዲያ የሸጎጥሁልህን ዋጥ።»

«እሺ። አንቺስ? ያ ሳልሽ?»

«እኔማ ደህና ነኝ!» አለች፤ ፈጥና አለች። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ አንዲት ሴት «አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ» ስትል ሰማሁ።

«ማነው እዚያ?»

«ማንም የለም። ቴሌቪዥኑ ነው» አለችኝ።

ቴሌቪዥናችን እኔ ከመምጣቴ በፊት ተቃጥሏል።