ለጋሽ ታደሰ ብዬ ያላላሁት ክር

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሮን አንድ ከባድ የባሕር ሪል እጄ ላይ አስቀመጠና «ይሄ ምን ይመስልሻል?» አለኝ። ሪል ማለት ከዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጋር የሚታሰረው የክር መጠቅለያ ነው። እኔ አገር ቤት ስድስት ዓመት ክር ፋብሪካ ውስጥ ማጠንጠኛ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ። «ማጠንጠኛ ነዋ!» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በፊት ቡሪየን ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ነበር የምውለው። ሶ፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ማግኘቴ ራሱ ለኔ ሠርግ ነበር።

የማጥመጃ ዕቃ ሱቁ ዴ ሞይን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ከጀልባ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። ያስገቡኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ታክሲ ይነዳሉ፣ ሮን የድሮ ደንበኛቸው ነው። «እጇ ወርቅ ነው፣ በኔ ይሁንብህ» ብለውት ቀጠረኝ።

ብሬድ የሚባለው ክር ከቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ነው፤ ሹሩባ በሉት። ሲያዩት ቀጭን ነው፣ ግን ጣት ይቆርጣል። ያለ ቆዳ ጓንት አይነካም። ደግሞም ሙልጭልጭ ነው። በሪሉ ባዶ ብረት ላይ ከተጠቀለለ ዓሣው ሲጎትት ክሩ እንዳለ ብረቱ ላይ ይሽከረከራል፤ እናንተ ብታጠነጥኑም የሚመጣ ነገር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ተራ ናይሎን ጥቂት ዙር ይጠቀለልና ብሬዱ እሱ ላይ ይቋጠራል። ከዚያ ክሩን በእርጥብ ፎጣ ጨብጦ፣ ወጥሮ፣ በማጠንጠኛ ማሽኑ ማጠንጠን ነው። ከሪሉ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ሲል ይቆማል። መጨረሻ ላይ በአውራ ጣት ይጫኑታል። ከሰረጎደ ተፈትቶ እንደገና ይጀመራል።

«ካንቺ እጅ የወጣ ሪል ላልቶ ከተመለሰ እዚህ ወንበር ላይ አትቀመጪም» አለኝ ሮን። ኦኬ አልኩት። በሁለት ወር ውስጥ በለጥኩት። ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ እሱም ብሏል።

በሦስተኛው ወር ጋሽ ታደሰ አዲስ ሪል ይዘው መጡ። ከሾፌር ጓደኞቻቸው ጋር ጀልባ ተከራይተው ውቅያኖስ ሊወጡ ነው፣ ቱና ሊያጠምዱ። ባለፈው ዓመት ሁሉም ሲይዝ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ዓመቱን ሙሉ ሲሾፍባቸው ከርሟል። «ዘንድሮ ነው አፋቸውን የማስይዛቸው!» አሉ።

ክሩን ወጠር ሳደርገው ግን አላስቻላቸውም። «ኧረ ቀስ! ልትበጥሺው ነው እንዴ?»

«መወጠር አለበት ጋሼ።»

«አባትሽ የምሆን ሰው ስነግርሽ! ላላ አድርጊው ብያለሁ።»

ምን ላድርግ? ከአውሮፕላን ስወርድ የተቀበሉኝ እሳቸው፣ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው። ይሉኝታ ያዘኝ። ፎጣውን ለቀቅ አደረግኩት። ሲያልቅ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ሰረጎደ። እያወቅኩ «በደህና ይያዙበት» ብዬ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት በሩን በርግደው ገቡ። «መናኛ ክር ሸጠህ አዋረድከኝ!» አሉት ሮንን። ቱናው ይዞ ሲሮጥ የላይኛው ክር ከታች ባለው በላላው መሀል ሰርጎ ገባ፣ ተቀረቀረ፣ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ጀልባው በሙሉ ሳቀባቸው። «ዓሣውን ብታየው!» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሮን በአውራ ጣቱ ሪሉ ላይ የቀረውን ክር ተጫነና «ማነው ያጠነጠነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ክሩ ምንም ችግር የለበትም። አላልቼ የሰጠኋቸው እያወቅኩ ነው።»

«ላላ አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «እሷማ ነግራኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እርስዎ እዚህ አይሠሩም» አላቸው ሮን። «የምትሠራው እሷ ናት።»

አበቃልኝ ብዬ ጓንቴን ማውለቅ ጀመርኩ። «የት ልትሄጂ?» አለኝ። «ፍቺውና እሳቸው እያዩ እንደገና አጠንጥኚ።»

ፎጣውን አረጠብኩ፣ ጨብጬ ወጠርኩ። ማሽኑ ሲያቃስት ጋሽ ታደሰ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ኧረ ልጄ…»

«ይቀመጡ ጋሼ!»

በዕድሜዬ ሽማግሌ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ተቀመጡ። ስጨርስ አውራ ጣታቸውን ይዤ ክሩ ላይ አስጫንኳቸው። ድንጋይ ነው። «አሃ» አሉ።

ሮን አላባረረኝም። እዚያው ወንበር ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሠራሁ፤ ላልቶ የተመለሰ ሌላ ሪል የለም። ጋሽ ታደሰ ግን በዓመቱ ጉልበታቸው ታመመና ውቅያኖስ መውጣት ቀረ። ሪሉ እንደጠበቀ ቤታቸው አለ፤ ውኃ ነክቶ አያውቅም።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይኼን ነው፦ ደንበኛው አባታችሁም ቢሆን ወጥራችሁ አጠንጥኑ። ጋሽ ታደሰ ያን ቀን ተቆጥተውኝ ቢሄዱ ኖሮ፣ ሰኞ ዓሣቸውን ይዘው መጥተው ይታረቁኝ ነበር።