በቀን አምስት ፍሬ

ሰፈሩ ፋርማሲስቷን «እትዬ ከምግብ በኋላ» ማለት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሰው ጥጥ ሊገዛ ገብቶ እንኳ አጠቃቀሙን ሦስት ጊዜ ሳይደግምላት አይወጣም። የሳል ከረሜላ የገዛን ፖሊስ «ይምጠጡት እንጂ አይቆርጥሙት፤ እስቲ ምን አልኩ?» ብላ በቁሙ አስጠንታዋለች ይባላል።

አንድ ጠዋት ጋሽ ፍሬን መጡ። የአውቶቡስ ሹፌር ሆነው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። መሀረባቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል።

«ጠንከር ያለ የጥርስ ሳሙና ስጪኝ ልጄ። ድዴ እየደማ ትራሴን ሥጋ ቤት አስመሰለው።»

እትዬ አልሳቀችም። የማንም ጡጫ ያላረፈበት ክንዳቸው በልዟል።

«ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ይዘውታል?»

«መች ተለይቶኝ ያውቃል!» ከፌስታላቸው የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው አንቀጫቀጩት።

ከፈተችው። የሚወስዱት አምስት ዓይነት ኪኒን ከየማሸጊያው ወጥቶ እንደ ገበያ ሰው ተደባልቋል።

«ማን ነው እንዲህ የደባለቀው?»

«እኔ ነኛ! ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እየለየች ትሰጠኝ ነበር። አሁን ምን ቸገረኝ፤ አምስት ቆጥሬ መዋጥ ነው።»

«የትኞቹን አምስት?»

«ከታናናሾቹ ሁለት ሦስት አስቀድማለሁ። ትልልቆቹ ጉሮሮዬ ላይ መንገድ ይዘጋሉ።»

ታናናሾቹ የደም ማቅጠኛዎቹ ናቸው። በቀን አንድ ብቻ የሚዋጡ።

ትሪ ላይ ገልብጣ ለየቻቸው። ከዐሥር ቀን በፊት ሠላሳ ሰጥታቸው ነበር፤ የቀረው አራት ነው። ደግማ ቆጠረች። አሁንም አራት።

«በቀን አምስት ፍሬ ያለዎት ማነው?»

«አንቺ ነሻ!»

አስታወሰች። ሰልፉ ደጅ ደርሶ ነበር። ባለቤታቸው ማረፋቸውን አልሰማችም ነበር፤ «ያው እንደ በፊቱ ነው ጋሼ፣ በቀን አምስት ፍሬ» ብላ ወደሚቀጥለው ዞረች፤ ከየዓይነቱ አንድ ማለቷ ነበር። ለከረሜላ ያስደገመች ሴት ለደም ማቅጠኛ አላስደገመችም።

«ይነሱ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ! አሁኑኑ!»

«ባለቤቴን አስገብቼ ጫማዋን ብቻ የመለሱልኝ ቤት? ወይ ፍንክች!»

«በእናትዎ ጋሼ…»

«እናቴም እዚያው ነው የሞተችው።»

ለመነች፣ ተቆጣች፣ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሽማግሌው ስማቸውን ያወጣላቸውን ፍሬን ረግጠው ቆሙ። በመጨረሻ ልመናውን ተወች።

«ካልሄዱ እኮ የገደልኩዎት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ፍሬን አዩዋት። መሀረቡ ቀልቶ ነበር።

«እንዲያማ ከሆነ በኔ የተነሳ ወኅኒ አትወርጂም። ነይ።»

መድኃኒት ቤቱ በሃያ ምናምን ዓመት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ሰዓት ተዘጋ።

ሐኪም ቤት ደረሱ። ሽማግሌውን በተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኟቸው። እትዬ አልጋውን የምትገፋውን ነርስ እጇን ለቀም አድርጋ ያዘቻት።

«በዐሥር ቀን ሃያ ስድስት የደም ማቅጠኛ ውጠዋል። በይ፣ ምን አልኩሽ?»

«ሴትዮ፣ ልቀቂኝ!»

«ምን አልኩሽ?»

«ሃያ ስድስት፣ በዐሥር ቀን!»

ለቀቀቻት። ጋሽ ፍሬን አልጋው ላይ እንደተኙ ጫማቸውን በእግራቸው ገፍተው አወለቁና ለእትዬ አቀበሏት።

«ከኔ እጅ ተቀበዪኝ። ከነሱ እጅ እንዳትቀበዪ።»

ወደ ውስጥ አስገቧቸውና በሩ ተዘጋ። ለሁሉ ነገር ሰዓት የምታውቀው ሴት መቼ እንደሚከፈት አላወቀችም። አግዳሚው ላይ ጫማውን ታቅፋ ተቀመጠች። ውስጡ ገና ይሞቅ ነበር።